እትዬ ዝም እና የእህቷ ወፍ

ትክክለኛ ስሟ ሌላ ነው፤ ምን ያደርጋል፣ የሚጠራት የለም። በጸደይ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት፣ ወፍ ለማየት ከኋላዋ የሚሰለፈው ሰው ሁሉ የሚያውቃት «እትዬ ዝም» ብሎ ነው። ከወንዙ ድልድይ ማዶ እግሯ ከረገጠ፣ አንድ ሰው ጉሮሮውን እንኳ ቢጠርግ ዘወር ብላ «ዝም!» ትላለች። ስልኩ የጮኸበትማ አለቀለት። አንድ የባንክ ሠራተኛ ስልኩ ጮኾበት፣ እሷ ዞራ ስታየው ጊዜ፣ ከድንጋጤው የተነሳ ስልኩን ወንዝ ሊጨምረው ምንም አልቀረውም ይባላል። እሱ ራሱ «ውሸት ነው» ይላል። ግን ከዚያ ወዲህ ስልኩን ቤቱ ጥሎ ነው የሚመጣው።

እንዲህ መሆኗ ደግሞ ያለምክንያት አይደለም። ዕድሜዋን የጨረሰችው የሆስፒታል አንሶላና የሠራተኛ ቱታ በሚሰፋበት አዳራሽ ውስጥ ነው። የስፌት መኪናዎቹ በረድፍ ተደርድረው ከጠዋት እስከ ማታ ሲንጫጩ ይውላሉ፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ጩኸቱን መልሶ አናት ላይ ይደፋዋል። ሴቶቹ ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚነጋገሩት በከንፈር ነው፤ ድምፅ ማውጣት ትርፉ ድካም። ቤቷ ገብታ ጋደም ስትል እንኳ መኪናው ጆሮዋ ውስጥ መስፋቱን አይተውም ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ስትወጣ አውቶቡስ አመለጣትና በወንዙ ዳር በእግሯ ስታዘግም፣ ከቁጥቋጦው ውስጥ ፉጨት ሰማች። ቆመች። ጆሮዋ ውስጥ ያለው መኪናም አብሮ ቆመ። ከዚያ ወዲያ ከወንዙ አልተለየችም።

ፉጨቱን ታውቀዋለች። አባቷ አናጢ ነበር፤ እንጨት ሲልግ ሁልጊዜ የሚያፏጫት አንዲት ዜማ ነበረችው። ሦስት ጊዜ ቀስ ብላ ትወጣና፣ ከዚያ ደረጃ እንደሚወርድ ልጅ ዱብ ዱብ ዱብ ብላ ታልቃለች። «የኔ አይደለችም፤ ከወንዝ ዳር ወፍ የሰረቅኳት ናት» ይላቸው ነበር፣ እሷንና ታላቅ እህቷን። ወፉን ግን አሳይቷቸው አያውቅም። እሱም አላየው ይሆናል፤ ምክንያቱም ይህ ወፍ፣ ተጓዦቹ «አፏጩ» የሚሉት፣ መልኩ ደረቅ ቅጠል የሚመስል፣ ከጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ የማይወጣ፣ ድምፁን ለሰው ሰጥቶ ራሱን የሚደብቅ ፍጥረት ነው። ጸደይ ሲገባ ይመጣል፣ ይጥላል፣ ይፈለፍላል፣ ልጆቹን አሳድጎ ይሄዳል። ተጓዦቹ ጎህ ሲቀድ መንገዱ ላይ ቆመው ይሰሙታል እንጂ ጎጆው አጠገብ የሚደርስ የለም።

አለመጠጋቱ የእሷ ሕግ ነው። ከሕጎቿ ሁሉ የከበደው ደግሞ፣ የወፍ ድምፅ ቀድቶ ማሰማት ክልክል መሆኑ ነው። ለአዲስ መጪ ስታስረዳ ድልድዩ ላይ ታቆመውና እንዲህ ትለዋለች፤ «አንተ ቤትህ ውስጥ ልጆችህን አቅፈህ ተኝተህ፣ አንዱ ጎረምሳ በርህ ላይ መጥቶ ‹ውጣ፣ ቤቱ የኔ ነው› ቢልህ ትተኛለህ? ወፉም እንደዚያው ነው። የሌለ ጠላት ሲፈልግ እንቁላሉ ይበርዳል።» ሰውየው ከሳቀ ሁለተኛ አይመጣም። ካልሳቀ የእሷ ሰው ይሆናል።

አምና ጸደይ ላይ ከተጓዦቹ አንዱ፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ይህን ሕግ ጣሰ። ከሁሉም የቆየ ተጓዥ ነበር፤ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ እንኳ ከመስታወቱ ይልቅ የወፍ ፎቶ ይበዛል። አፏጩን ፎቶ ለማንሳት ልቡ ተንጠልጥሎ ስንት ጸደይ እንዳለፈው እሱ ይወቀው። አንድ ቅዳሜ ወደ ኋላ ቀረት አለና፣ የወፉ ፉጨት የተቀዳባት፣ መዳፍ የምታህል ድምፅ ማጉያ ከኪሱ አውጥቶ ቁጥቋጦው ሥር አስቀመጠ። እሷ ሰማች። ተመልሳ መጥታ፣ ሰዉ ሁሉ እያየ፣ አፉን አስያዘችው።

«ለፎቶ ብለህ የሰው ቤት የምታፈርስ! ሂድ! ከዛሬ ጀምሮ ከኛ ጋር የለህም።»

«ይቅርታ እትዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ...»

«ዝም! አንድም ቃል እንዳልሰማ!»

ጎልማሳው ሰውዬ ፊቱ ደም መስሎ፣ ማጉያውን ኪሱ ከቶ፣ ብቻውን በድልድዩ ተሻግሮ ሄደ። ያን ዕለት ሁሉም «አበጀች» አለ። እውነቷን ነበር እኮ፤ ወፉ ግን ያን ጊዜ ብዙም ስላልተረበሸ ልጆቹን አሳድጎ በሰላም ሄደ።

አሁን ወደ እህቷ እንምጣ፤ ነገሩ ሁሉ የእሷ ነውና።

ታላቅ እህቷ የልብስ ንጽሕና ቤት ሠራተኛ ነበረች። እናታቸው በልጅነታቸው ስትሞት፣ እትዬ ዝምን አቅፋ ያሳደገቻት፣ ፀጉሯን የጎነጎነችላት፣ የራሷን ትምህርት ትታ እሷን ያስተማረቻት እሷ ናት። «ሚጢ» ትላታለች፤ ጡረታ ከወጣች በኋላም ሚጢ ናት። ሳቋ ደግሞ ሳቅ እንዳይመስላችሁ! ከጎረቤት ሕፃን ይቀሰቅሳል። በሳሙና ውሃ የተላጠ እጇን ጉልበቷ ላይ እየመታች ስትስቅ፣ ቀልዱን ያልሰማው ሰው እንኳ አብሮ ይስቃል።

ከዓመታት በፊት አንድ ጊዜ «እስቲ ያንን የአባባን ወፍ አሳዪኝ» ብላ ለጉዞው መጣች። ከድልድዩ ጀምራ አፏ አልተዘጋም። ለባንክ ሠራተኛው ስለ አለቃዋ ትነግራለች፣ አበባ ባየች ቁጥር «ውይ!» ትላለች። ፀጉር አስተካካዩ ጆሮዋ ላይ አንድ ቀልድ ሹክ ሲላትማ፣ እዚያው መንገዱ መሐል ቆማ ሳቀች። ወንዙ አስተጋባ። ሽመላው ተነሥቶ በረረ፤ አፏጩም ያን ቀን ትንፍሽ ሳይል ቀረ። እትዬ ዝም ዞረች።

«እታለም፣ እባክሽ ወደ ቤትሽ ግቢ።»

«ምን አልሽ?»

«ሰው ወፍ ሊሰማ ነው የመጣው። አንቺን ሊሰማ አይደለም።»

ታላቂቱ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ሳቅ ብላ «እሺ እመቤቴ» አለችና ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ተመለሰች። ጉዞው አልቆ ሰዉ ሲመጣ አግዳሚው ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ነበር፤ ቦርሳዋ ጭኗ ላይ። ሁለተኛ ልምጣ አላለችም። በየጸደዩ ግን «የአባባ ወፍ መጣ?» ብላ መጠየቋን አልተወችም። እትዬ ዝምም «መጥቷል፤ አንድ ቀን እወስድሻለሁ» ትላታለች። ያ አንድ ቀን ሳይመጣ ዓመት አልፎ ዓመት ተተካ። ሰው ሲባል እንዲህ ነው፤ የሌላውን ሁሉ ጊዜ ያከብራል፣ የራሱን ሰው ግን የትም አይሄድም ብሎ ያስቀምጠዋል።

ታላቂቱ ስኳር ነበረባት። መጀመሪያ እግሯን ያዛት፣ ቀጥሎ ኩላሊቷን። በዚህ ዓመት ጸደይ ሲገባ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነበረች፤ መድኃኒት ቤት የምትሠራው ልጇ ነበረች የምትንከባከባት። እትዬ ዝም በየቀኑ ትመጣለች። አልጋው ያለበት ክፍል ጠባብ ናት፤ የታጠፈ ፎጣ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ መስኮቱ ሥር አንድ የአበባ ማሰሮ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እህቷ እጇን ዘረጋችና የእሷን እጅ ፈልጋ ያዘች።

«ሚጢ፣ ዘንድሮ አሳዪኝ። ከርሞ የለሁም።»

«ምን ሟርት ነው የምታወሪው!»

«ሟርቱን ያወራው ሐኪሙ ነው፤ እሱን ሂጂና ተቆጪው።» ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሐል ላይ ተቆርጦ ሳል ሆነ። «አልለፈልፍም። እምልልሻለሁ፣ አንድ ቃል አልተነፍስም።»

አግዳሚው ላይ ብቻዋን ተቀምጣ የነበረችው እህቷ ቦርሳዋን እንዳቀፈች መጥታ እትዬ ዝም ፊት ድቅን አለችባት። «አሳይሻለሁ። የመጣው ይምጣ፣ አሳይሻለሁ» አለቻት።

እንዴት እንደምታሳያት ግን ጨነቃት። አፏጩ የሚያፏጨው ጎህ ሲቀድ ነው፤ በዚያ ብርድ በሽተኛ አይወጣም። ፀሐይ ሞቅ ሲል ሊያወጧት ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ወፉ ቁጥቋጦው ውስጥ ዝም ብሎ ነው የሚውለው። የሚያስወጣው አንድ ነገር ብቻ ነው። እሱ ደግሞ እሷ ራሷ በሰው ፊት ያወገዘችው ነው።

ዓይኗን በጨው አጥባ ፀጉር አስተካካዩ ሳሎን ሄደች። አንድ ደንበኛ ጉንጩ ሳሙና ተቀብቶ ተቀምጧል። እሷ በሩ ላይ ስትቆም ፀጉር አስተካካዩ በመስታወቱ ውስጥ አያት፤ ምላጩ አየር ላይ ቀረ።

«ምን ልታዘዝ፣ እትዬ?»

«ያቺን... ያቺን ማጉያህን ልትሰጠኝ ትችላለህ?»

ምላጩን በፎጣው ጠረገ። ቀስ ብሎ ጠረገ፤ ጊዜ ወሰደ። ቢሰድባት መልካም ነበር፤ እሷም የመጣችው ለስድብ ተዘጋጅታ ነው።

«ለማን ነው?»

«ለእህቴ። ታማብኛለች።»

«ያቺ የምትስቀዋ?»

«እሷ።»

«በቀልዴ የሳቀልኝ ሰው እሷ ብቻ ናት» አለ ፀጉር አስተካካዩ። ደንበኛው በሳሙናው ውስጥ «እውነት ነው» አለ። ማንም አልሳቀም። «እትዬ፣ አምና ለኔ የነገሩኝን ለራስዎ ነግረውታል?»

«ነግሬዋለሁ።»

«ምን አለ?»

«አልሰማም አለኝ።»

መሳቢያውን ከፍቶ፣ ከመቀሶቹና ከማበጠሪያዎቹ ሥር ማጉያዋን አወጣና መዳፏ ላይ አኖረላት። አዝራሩን አሳያት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ግን አንድ ነገር ልንገርዎ፣ ወፉ ሲመጣኮ...» ብሎ ጀመረ።

«ዝም በል፣ ዐውቃለሁ» አለችው። የወፍ ነገር እሷን ሊያስተምራት! ደግሞም ደንበኛው ጆሮውን አቁሟል። ቦርሳዋን ዘግታ ወጣች።

ቀኑ የሚያምር ቀን ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። ዛፉ ሁሉ አዲስ ቅጠል አውጥቷል፣ የመንገዱ ዳር በቢጫ አበባ ተሞልቷል፣ ንቡ ይርመሰመሳል። ልጅቱ ሥራ ላይ ስለነበረች ሁለቱ ብቻቸውን በታክሲ መጡ፤ ሹፌሩ ወንበሩን አውርዶ ዘረጋላቸው። እትዬ ዝም እየገፋች ድልድዩን አሻገረቻት።

«እዚህ ነው ያባረርሽኝ?» አለች እህቷ።

«ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። ዛሬ እንደፈለግሽ አውሪ፣ እታለም። ሳቂም።»

«አይ፣ ምያለሁ።» ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። እስከ ቁጥቋጦው ድረስ እውነትም ቃል አልወጣትም።

ከመንገዱ እስከ ቁጥቋጦው ወንበር የሚያሳልፍ ቦታ የለም። እትዬ ዝም ይህን አስባ የጨርቅ መቀሷን ይዛ ነበር፤ ያንን ስንት ሺህ አንሶላ የቆረጠችበትን። ቅርንጫፉን ቆረጠች፣ እሾሁን በእግሯ ረገጠች፣ ሸምበቆውን አጎነበሰች። በአሮጌው የውሃ መሳቢያ ቤት ጣሪያ ላይ አንድ ቁራ ተቀምጦ አንገቱን እያዘነበለ ያያታል። አየችው፤ ታውቀዋለችም። ሌላ ቀን ቢሆን ቁራ ባለበት ወደ ጎጆ ፊቷን እንኳ አታዞርም ነበር። «ምን አባቱ» አለችና መቁረጧን ቀጠለች።

ወንበሩን አስገብታ አቆመች። ማጉያዋን ከእህቷ እግር ትንሽ ራቅ አድርጋ ሣሩ ውስጥ ደበቀችና አዝራሩን ተጫነች።

ሦስት ጊዜ ቀስ ብሎ ወጣ። ከዚያ ዱብ ዱብ ዱብ አለ።

እህቷ ትንፋሿን ዋጠች። እጇ የወንበሩን ክንድ ጨመደደ። ከጥቅጥቁ ውስጥ ቅጠል ተንቀሳቀሰና፣ እትዬ ዝም ዕድሜዋን ሙሉ ከሁለት ጊዜ በላይ ያላየችው ወፍ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት ቅርንጫፍ ላይ ዱብ አለ። ላባው ቆሟል፤ አፉ ተከፍቷል፣ ጉሮሮው ይርገበገባል። ወዲያ ይዞራል፣ ወዲህ ይዞራል፣ ጠላቱን ይፈልጋል።

«ያውልሽ! ፊት ለፊትሽ፣ ቅርንጫፉ ላይ! አየሽው?» አለች በሹክሹክታ።

«አየሁት፣ ሚጢ።»

«አየሽው?»

«አየሁት አልኩሽ እኮ። እንዴት ያምራል! ልክ አባባ።» እንባዋ በጉንጯ ወረደ። ፊቷን ወደ ሣሩ ዝቅ አድርጋ ነበር፤ እትዬ ዝም ደክሟት ነው ብላ አሰበች። «ይበቃል?» አላት ልቧ፤ ማጉያዋን ልትዘጋ ጎንበስ ስትል ግን እህቷ ቀሚሷን ያዘቻት። «ትንሽ ይቆይ። እባክሽ፣ ትንሽ።»

ተወችው። ማጉያዋ ደግማ ደጋግማ አፏጨች። ሴቷም ወፍ ከጎጆዋ ወጥታ ከባሏ ጎን ተንቀጠቀጠች። እትዬ ዝም የምታደርገውን ጠንቅቃ እያወቀች ቆማ አየች። የታላቋ ፊት እንደዚያ በርቶ አይታው አታውቅም፤ ለዚያ ፊት ወንዙንም እሰጣለሁ አለች በልቧ።

ቅዳሜ ተጓዦቹ እንደ ወትሮው መንገዱ ላይ ቆሙ። ጎህ ቀደደ። ድንቢጡ ጮኸ፣ ዋኔው ጮኸ፣ ግንደ ቆርቁሩ ግንዱን ደበደበ። አፏጩ ግን የለም። ጠበቁ፤ የለም። እትዬ ዝም «እዚሁ ቆዩ» ብላ እሷው በቆረጠችው መንገድ ገባች። ጎጆው ተገልብጧል። የእንቁላል ቅርፊት ሣሩ ላይ ተበትኗል፣ አስኳሉ ደርቆ ቅጠል ላይ ተጣብቋል። መቀሷ የከፈተው ቀዳዳ ከመሳቢያ ቤቱ ጣሪያ ድረስ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ቁራው መፈለግም አላስፈለገው። እዚያው ቁጭ አለች።

ስትመለስ ባንክ ሠራተኛው የወንበሩን ጎማ ምልክት እያየ ነበር። «ሰው ገብቶበታል» አለ። «ጋሪ ነገር ይዞ። ያ ፀጉር አስተካካይ ነው፣ ሌላ ማን ይሆናል? ካሜራ የሚያቆምበት ጎማ ያለው ነገር ይዞ ገብቶ ነው። እንዲያው ምን ዓይነት ልብ ነው ያለው?» ሌሎቹም አጉረመረሙ። ሁሉም እሷ ቁጣዋን እንድታወርድ ጠበቁ።

እሷ ግን «ብርድ ነው፤ እንመለስ» ብላ ቀደመች። ምነው ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ እያለች ነበር የምትሄደው። አንድ ነገር ብቻ አጽናናት፤ እታለም አይታዋለች፣ ኃጢአቱም ዋጋ አለው።

እህቷ ጸደዩ ሳያልቅ ሞተች። ልጇ እጇን ይዛት፣ እትዬ ዝም እግሯን ይዛት፣ ያን ያህል ሳትሰቃይ ሄደች።

የሚያጽናና ሰው ቤቱን ሞላው። የልብስ ንጽሕና ቤቱ ሴቶች መጡ፣ ጎረቤት መጣ፣ ወንበር ከየቤቱ ተሰበሰበ። እትዬ ዝም ወጥ ቤት ገብታ ብርጭቆ ማጠብ ያዘች፤ እጇ ሥራ ካልያዘ መቆም አልቻለችም። የእህቷ ልጅ አጠገቧ ቆማ ታደርቃለች።

«አክስቴ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። እማዬ እስክሞት አትንገሪያት ብላኝ ነበር።»

«ምንድነው?»

«ዓይኗ ጠፍቶ ነበር። ጸደይ ሳይገባ ነው የጠፋው። ከብርሃንና ከጨለማ በቀር ምንም አትለይም ነበር።»

ብርጭቆው ከእጇ ወጥቶ እቃ ማጠቢያው ውስጥ ወደቀ፤ አልተሰበረም። «እኔ በየቀኑ እየመጣሁ?»

«ድምፅሽን ሰምታ ፊቷን ወዳንቺ ታዞር ነበር። ‹ሚጢ ወፉን ልታሳየኝ ስንት ዓመት ስትመኝ፣ አሁን አላይም ብላት ቅስሟ ይሰበራል› አለችኝ። አታልቅሺ አክስቴ፤ የነገርኩሽ እንድታለቅሺ አይደለም። ባታየውም ሰምታዋለች እኮ! እስክትሞት ያወራችው ስለዚያ ነው። ‹ልክ እንደ አባባ፣ እግሬ ሥር ሆኖ፣ ሳያቋርጥ አፏጨልኝ› ትለኝ ነበር።»

እትዬ ዝም በእርጥብ እጇ አፏን ያዘች። ወፉ ታያት። ቅርንጫፉ ላይ፣ አፉ ተከፍቶ፣ ላባው ቆሞ። እግር ሥር አልነበረም። እግር ሥር የነበረው ሌላ ነው። ወፉ ከመጣ ጀምሮ እስኪሄዱ ድረስ አንዴም ድምፅ አላወጣም። ማጉያዋ ቦታውን ሁሉ ስለሞላችው፣ እሷ፣ የወንዙ ጆሮ የተባለችው፣ ልብ አላለችም። እህቷ ፊቷን ወደ ሣሩ ያዞረችው ደክሟት አልነበረም፤ ድምፁ ከዚያ ስለመጣ ነው።

ሰዉ ወዳለበት ክፍል ተመልሳ ጥግ ላይ ተቀመጠች። ፀጉር አስተካካዩ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ገባ፣ አጠገቧ ባዶ ወንበር አገኘና ተቀመጠ።

«ነፍስ ይማር፣ እትዬ። ያጽናዎት።»

«አሜን።»

እሱ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ «ሰዎቹ እኔን እንደሚያሙኝ ሰምቻለሁ። ደንበኞቼም ነግረውኛል። ግድ የለም፣ ይበሉ፤ እኔ እችለዋለሁ። እሷ ካየችው ይሁን። አየችው አይደል?» አላት።

በዚያ ሁሉ ሰው መሐል እሱ ብቻ ነው ደስ የሚል መልስ የጠበቀው። ልትዋሸው አሰበች። እህቷ የዋሸቻትን ውሸት፣ ያንኑ ቃል፣ ለእሱ ልትሰጠው አሰበች፤ አንደበቷ እምቢ አለ።

«ዓይኗ ጠፍቶ ነበር ለካ። አላየችም። ፉጨቱን ነው የሰማችው።»

«ፉጨቱን?» አለ። ፊቱ ቀስ እያለ ሲለወጥ አየችው። እሱ አምና እዚያው ቦታ ቆሟል፤ ያውቃል። ኮፍያውን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። «እትዬ... ለኔም አላፏጨም ነበር። መጣ፣ ዝም ብሎ ተቆጣ፣ ሄደ። ሳሎኔ የመጡ ቀን ይህንን ነበር ልነግርዎ የፈለግኩት።»

«ያኔ ዝም በል አልኩህ።»

«አዎ።»

ቦርሳዋን ከፈተችና ማጉያዋን አወጣች። ዙሪያዋ ላይ የደረቀ ሣር ተጣብቆባታል። መዳፉ ላይ ልታኖርለት ብላ እጇ አልለቅ አላት፤ እህቷ ያለቀሰችላት፣ እስክትሞት የተረከችላት ይህችን ነበር።

«አልጋዋ ላይ ላሰማት እችል ነበር» አለች። «አልጋዋ ላይ፣ ብርድ ልብሷን ለብሳ። ማንም ሳይነካ።»

ፀጉር አስተካካዩ አንገቱን ደፋ። ሰዉ ይገባል፣ ይወጣል፣ ብርጭቆ ይንኳኳል።

«እስቲ አንድ ነገር ተናገር» አለችው።

«ምን ልበል፣ እትዬ» አላትና ከአጠገቧ ሳይነሣ ተቀመጠ።